የበዓል መንገድና ትዝታው፦ የማን ነው?

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። ያላወቅነውን ለማወቅ ስንሻ እንጠይቃለን፤ የታመመ፣ የታሰረ፣ ኀዘን የደረሰበት ወይም ርቆ የሚኖር ዘመድ ዘንድ ስንሄድም እንጠይቃለን። «አክስትህን ከጠየቅሃት ስንት ጊዜህ ነው?» የሚለን ሽማግሌ፣ ለአክስታችን ምን ጥያቄ እንዳቀረብንላት ሊያውቅ ፈልጎ አይደለም፤ ደጇን ከረገጥን ስንት ዘመን እንደ ሆነን መገሠጹ ነው። አባቶቻችን እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል መጥራታቸው ግን በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። ዘመዱ ቤት ሄዶ በልቶና ጠጥቶ፣ ስቆና አሥቆ፣ ነገር ግን አንዳች ነገር ሳይጠይቅ የተመለሰ ሰው ዘመዱን ጠየቀ ሊባል ይገባልን? በኋላስ ስለዚያ ጉዞ ለልጆቹ የሚተርከው ትዝታ ሙሉ እውነት ነውን?

በበዓል ዋዜማ የሐዋሳን መናኸሪያ ያየ ሰው ጥያቄው የሁላችን መሆኑን አይጠራጠርም። ከተማችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ዛሬ በየቁምስናችን ከምናያቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ተወልደው የመጡ ናቸው። ስለዚህ «አገር ቤት» የሚባል ነገር በየቤቱ አለ። መስቀል ሲደርስ ጉራጌው ወደ ቡታጅራና ወደ እምድብር፣ ወላይታው በሻሸመኔና በሀላባ በኩል ወደ ሶዶ፣ ከምባታውና ሀዲያው ወደ ዱራሜና ወደ ሆሳዕና ይጓዛል። ሲዳማው በፊቼ ጫምባላላ ወደ ይርጋለም፣ ወደ አለታ ወንዶ፣ ወደ በንሳ ይወጣል። ገናና ፋሲካ ደግሞ ሁሉንም ያንቀሳቅሳሉ። የሚኒባሱ ረዳት ታሪፉን እንዳሻው ሲቆልለው፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች በመቀመጫ ሥር ሲንጫጩ፣ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጭን ላይ ተደራርበው ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። በዓሉ አልፎ ሁሉም ሲመለስ ቡና ይፈላና ትዝታው ይጀመራል፤ ያም ትዝታ የቤተሰቡ ሀብት ሆኖ ለዓመታት ይኖራል።

እስቲ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ብዙ ቤት ስለሚመስል ስም አያስፈልገውም። አባት ሲተርክ በጭቃው የቆመውን መኪና፣ ሰው ሁሉ ወርዶ የገፋውን፣ ሳይጨልም ለመድረስ የተደረገውን ጥድፊያ ያነሣል። ልጆቹ ጥጃውን፣ ከላሟ ሥር የጠጡትን ትኩስ ወተት፣ ከአጎታቸው ልጆች ጋር ሲያወሩ ያነጉትን ሌሊት ያስታውሳሉ። እናት የአማቷን ምርቃት አትረሳም። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ደስ ያሰኛል።

አሁን ደግሞ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በአስተናጋጆቹ ቤት የሚነገረውን እናዳምጥ። ለበሬው ቅርጫ መዋጮ ሲባል ገና ሊሸጥ የማይገባው ወይፈን ተሸጧል። ቅቤው በዱቤ ተወስዶ ቡና ሲለቀም ይከፈላል ተብሏል። አልጋው ለእንግዳ ተለቅቆ አያትየው በቁርበት ላይ ተኝተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወገባቸው ብሶባቸዋል። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ምድጃ ሥር ስትንበረከክ ሰንብታለች፤ በሞባይል ከተነሡት ፎቶግራፎች በአንዱ ላይ እንኳ የለችም። ፎቶግራፉ የተነሣው ደጅ ነው፤ እርሷ ግን ጭስ ውስጥ ነበረች።

የእንሰቱም ነገር እንዲሁ በአንድ ቃል የሚታለፍ አይደለም። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ከተቆረጠ በኋላ ይፋቃል፣ ይጨመቃል፣ በራሱ ቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ይብላላል። ሥራው ከሞላ ጎደል የሴቶች ነው። እንግዲህ እኛ በዋዜማው ሻንጣ ስንሸክፍ፣ የምትቀበለን ሴት ሥራዋን ከጀመረች ሰንብታለች ማለት ነው። በእኛ ትዝታ ውስጥ ቆጮው ትኩስ ሆኖ ከቅቤና ከአይብ ጋር በገበታ ላይ ይገኛል፤ ከየት እንደ መጣ ግን ትዝታው አይናገርም።

ይህን ሁሉ ለእንግዳ የሚነግር የለም። «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ይባላል፤ ነገር ግን ቤቱ ያላፈራውንም ተበድሮ አቅርቦ ሊሆን ይችላል። ገመናን መሸፈን የባለቤት ክብር ነውና አስተናጋጁን በዝምታው ልንወቅሰው አይገባም። እንግዳስ ያልተነገረውን ከየት ያውቃል? የሚል ተከራካሪ ቢነሣ መልሱ በዚያው በቃላችን ውስጥ ይገኛል፤ ጥየቃ ሄዷልና ይጠይቅ። በገበታ ላይ «ይህ ስንት ፈጀባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከበዓሉ ማግስት ከአጎት ጋር ወደ ጓሮ ወጥቶ የዘንድሮው ቡና እንዴት እንደ ሆነ፣ የልጅቱ ትምህርት ምን ላይ እንደ ደረሰ፣ አያትየው ሐኪም ዘንድ ቀርበው እንደ ሆነ መጠየቅ ነውር ሆኖ አያውቅም። አዋቂ ሰው የቤቱን ዕዳ ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያነብባል።

ቅዱስ አጎስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ዐሥረኛ ክፍል ስለ ትዝታ ሰፊ ምርምር አድርጓል። ካስደነቁት ነገሮች አንዱ፣ ሰው ያለፈ ኀዘኑን ሳያዝን፣ ያለፈ ደስታውንም ሳይደሰት ሊያስታውስ መቻሉ ነው። ከዚህ የምንረዳው አእምሮ ነገሩን የሚያኖረው በጊዜው ከነበረው ስሜት ለይቶ ሊሆን እንደሚችል ነው። እኛ በዚህ ላይ አንድ ነገር ለመጨመር እንደፍራለን፤ ሰው የራሱን ደስታ ሲያስታውስ ያን ደስታ ያስገኘለትን የሌላውን ሰው ድካም ጨርሶ ላያስታውስ ይችላል። ምክንያቱም ድካሙ ቀድሞውንም ወደ እርሱ አልገባም። ያላየነውን ልንረሳው አንችልም፤ ሳናውቀው እንቀራለን እንጂ።

እንግዲህ ይህ ኃጢአት ነውን? «ትዝታ በራሱ ይመጣል፤ ማንም ትዝታውን አይመርጥም» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ወደ አእምሮ ስለሚመጣው ነገር ማንም አይጠየቅም። ለልጆቻችን የምንተርከውን ግን እንመርጣለን። ስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ትእዛዝ ሲያስተምሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ሐሜት ይናገራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ግማሹን ብቻ የሚናገር ምስክርም አለ። በዓመት አንድ ጊዜ አገር ቤት ሄዶ የጠገበ ልጅ፣ «ገጠር ሁሉ ነገር ሞልቶ ተትረፍርፏል» ብሎ ቢያድግ፣ ይህን የመሰከርንለት እኛ ነን። ነገ ያ ልጅ ባለ ደመወዝ ሆኖ የአጎቱ ልጅ ለትምህርት ቤት ርዳታ ሲጠይቀው፣ «እነርሱ ምን ጎደላቸው?» ቢል የሚደንቅ አይሆንም። የትዝታው ጉድለት ያን ጊዜ የፍትሕ ጉድለት ይሆናል።

ለዚህ ነገር በራሳችን ከተማ በየዓመቱ የሚታይ ትምህርት አለ። በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በጉዱማሌ የሚከበረው ፊቼ ጫምባላላ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑን አያንቶዎች የሚባሉት ዐዋቂዎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው ይወስኑታል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህን ብዙዎች ያውቃሉ፤ የበዓሉን መነሻ በሚገባ የሚያስታውሱት ግን በተለይ በከተማ እያነሱ የመጡ ይመስለናል። በሕዝቡ የቃል ታሪክ መሠረት ፊቼ የአንዲት ሴት መታሰቢያ ናት። ያቺ ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ስትመጣም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ምግቡንም ጎረቤት ሁሉ ይካፈለው ነበር።

ይህን ታሪክ ደጋግመን ስናስበው ሦስት ነገር ያስደንቀናል። አንደኛው፣ አንድ ሕዝብ የዘመኑን መባቻ በጦርነት ድል ወይም በንጉሥ ዙፋን መያዝ ሳይሆን በአንዲት ሴት ዘመድ ጥየቃ መቍጠሩ ነው። ሁለተኛው፣ ሴቲቱ የምትታወሰው በበላችው ሳይሆን ይዛ በመጣችው መሆኑ ነው፤ ታሪኩ የሚነገረው በተጠየቁት ሰዎች ወገን ቆሞ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ምግቡ በዘመድ ቤት ተዘግቶ አለመቅረቱ ነው። ዛሬም በጫምባላላ ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ሲሉ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል፤ ልጁ የማን ልጅ ነው ተብሎ አይመረመርም። በዚሁ በዓል የጎሣ መሪዎች ሕዝቡ ሥራን እንዲወድድ፣ አረጋውያንን እንዲያከብርና እንዲደግፍ፣ ከሐሰት ምስክርነትም እንዲርቅ ይመክራሉ። የዘመድ ጥየቃ በዓል ላይ ስለ ሐሰት ምስክርነት መነገሩ ከላይ ላነሣነው ነገር እንዴት እንደሚስማማ አንባቢ ይመልከት።

አንዳንድ ምእመን «ይህ የወንጌል ታሪክ አይደለም» ይለን ይሆናል። እኛም ነው አላልንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን በ1958 ዓ.ም. ስለ ሐዋርያዊ ተልእኮ ባወጣው ውሳኔ፣ ምእመናን በየሕዝቡ ትውፊት ውስጥ የተሰወሩትን የቃለ እግዚአብሔር ዘሮች በደስታና በአክብሮት እንዲፈልጉ አስተምሯል። ቡርሳሜዋን ተሸክማ የመጣችው ሴት ከነዚህ ዘሮች አንዷ ናት ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ግብዣ የሚያደርግ ሰው ወንድሞቹን፣ ዘመዶቹንና ባለጸጎች ጎረቤቶቹን ሳይሆን ድኾችን እንዲጠራ ማዘዙን አንዳንዶች ዘመድ ጥየቃን እንደሚነቅፍ አድርገው ይረዱታል። የነቀፈው ግን ብድሩን ነው። እኛም «ብድር በምድር» እንላለን፤ ባለፈው እናንተ በግ አርዳችኋልና ዘንድሮ እኛ በግ እናርዳለን፤ ያልተመለሰ ብድር ቂም ይሆናል። በዓሉ በዚህ ሒሳብ ከተያዘ የማይመልሰው ዘመድ ቀስ በቀስ ከጥየቃው ዝርዝር ይወጣል። መበለቲቱ አክስት፣ ልጅ የሌላቸው አጎት፣ ታሞ የዋለው የአባት ወንድም የሚቀሩት በዚህ መንገድ ነው። ጠላቸው የሚል ማንም የለም፤ መንገዱ ወደ እነርሱ አልመጣም ይባላል እንጂ።

ቅዱሱ ቤተሰብም የበዓል መንገደኛ ነበር። ኢየሱስ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ እንደ ልማዳቸው ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ሲመለሱ ልጁ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከዚያም በዘመዶቻቸውና በሚያውቋቸው መካከል ፈለጉት። ይህ የቀን መንገድ ብዙ ይነግረናል። ልጅን ቀኑን ሙሉ ሳያዩ ያለ ሥጋት መጓዝ የሚቻለው ዘመድ ሁሉ የልጁ ጠባቂ በሆነበት ማኅበር ውስጥ ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ሲያገኙት በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማ፣ ይጠይቅም ነበር። በዚያ በዓል ላይ በእውነት የጠየቀው እርሱ ሆኖ ተገኘ። እናቱም ከዚያ ጉዞ በልቧ ያኖረችው የበዓሉን ድምቀት እንደ ሆነ ወንጌላዊው አይነግረንም፤ የፍለጋውን ጭንቀትና ያን ጊዜ ያልገባትን የልጇን መልስ ጭምር፣ ሁሉን ጠበቀችው። ልብ ያላት ቤተሰብ የገባትን ብቻ ሳይሆን ያልገባትንም ታኖራለች።

ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2008 ዓ.ም. «የፍቅር ሐሴት» በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክራቸው ስለ ሰፊው ቤተሰብና አረጋውያን ለልጆች ስለሚተርኩት ታሪክ ጥቅም ጽፈዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የአያቶችና የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በየዓመቱ እንዲከበር ደንግገዋል። መልካም ነው፤ ነገር ግን አያት የሚተርኩት ጠያቂ ካገኙ ነው። በዚህ ዘመን ልጆቻችን ሄደው ሳለ ዓይናቸውን ከስልክ አያነሡም፤ ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አናስረዝመውም።

ይልቅስ ከዚህ የከበደ አንድ ነገር ይቀረናል። ከላይ ስለ ፊቼ የተናገርነው መልካም ታሪክ ሌላ ፊትም አለው። ይዞ መምጣት ከተመሰገነ ይዞ መምጣት ያልቻለ ሰው ምን ይሁን? በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማችን መጥተው በልብስ ስፌት ሥራ ተሰማርተዋል። ለሦስትና ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩትን እናውቃቸዋለን፤ እሑድ በቅዳሴ ላይ ከኋላ ይቀመጣሉ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነጻ የመሸጥ ዕድሏን ካጣች በኋላ አንዳንድ ድርጅቶች ወጥተው ሥራቸውን ያጡም ነበሩ። ከነዚህ ልጆች መካከል በዓል ሲመጣ ወደ አገራቸው የማይሄዱ አሉ። ሲጠየቁ ሥራ በዛብኝ ይላሉ። እውነቱ ሌላ ነው፤ «ሐዋሳ ሠርታ ባዶ እጇን መጣች» መባልን ፈርተው ነው። ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለታናናሾች ጫማ ሳይያዝ ደጅ መርገጥ ውርደት ሆኖባቸዋል። በዓሉን በኪራይ ክፍላቸው ውስጥ ይውሉታል።

እዚህ ላይ ቡርሳሜውና ስጦታው አንድ አለመሆናቸውን መለየት ያሻል። ቡርሳሜ ከጓሮ የተገኘና በእጅ የተሠራ ነው፤ ሴቲቱ ያላትን ይዛ መጣች። በገበያ ዋጋ የሚለካ ስጦታ ግን ዘመድን መልሶ ወደ ብድር ሒሳብ ያስገባዋል። እመቤታችን ድንግል ማርያም ዘመዷን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ ወደ ተራራማው የይሁዳ አገር ፈጥና ስትሄድ ምን ይዛ እንደ ሄደች ቅዱስ ሉቃስ አልጻፈም። የጻፈው ሰላምታዋን፣ የሕፃኑን መዝለልና ሦስት ወር ያህል መቆየቷን ነው። ሦስት ወር ለእንግዳ ብዙ ነው፤ ሦስት ወር የተቀመጠ ሰው እንግዳነቱ ቀርቶ ውኃ ይቀዳል፣ እሳት ያነድዳል፣ የቤቱንም ችግር ያውቃል።

ስለዚህ በየገጠሩ ቤተ ጸሎት ለምታገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ልመና አለን። ከፊቼ፣ ከመስቀልና ከገና በፊት ባለው እሑድ፣ ልጆቻቸውን ወደ ሐዋሳ ለላኩ ወላጆች ይህን ንገሩልን፤ ስልክ ደውለው «ምን ታመጪልናለሽ?» ሳይሆን «መቼ ትመጫለሽ?» ይበሏቸው። ከተቻለም የመጓጓዣው ገንዘብ ይኖራት እንደ ሆነ ይጠይቋት። የማታነሣው ስልክ ካለ ደግሞ ስሟንና የምትኖርበትን ሰፈር ወደ ቁምስናችን ላኩልን፤ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሄደን እንጠይቃታለን።